ለሞዱላር አርትሜቲክ የሚሆን መለማመጃ ጥያቄ ከየት ላግኝ?

ማራኪ_ሰፈር

ሰላም ናችሁ? ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቼ የምማር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የቁጥር ቲዎሪ ኮርስ ይዘናል። አሁን ሞዱላር አርትሜቲክ ላይ ነን፤ ፈተናው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ትርጉሙ ገብቶኛል። 17 ለ5 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ስለዚህ 17 ≡ 2 (ሞድ 5)። መደመሩም ማባዛቱም አያስቸግረኝም። የቸገረኝ ልምምዱ ነው። የተሰጠን ሃንድአውት ላይ ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ይህን ቁጥር ለዚህ አካፍሉና ቀሪውን ፈልጉ። እጄ ይሠራል፣ ጭንቅላቴ ግን አብሮ አይሠራም። ትንሽ ለወጥ ያለ ነገር ሲመጣ እዚያው ተገትሬ እቀራለሁ። ለምሳሌ 4ሀ ≡ 8 (ሞድ 12) የሚል አለ። ሁለቱንም ጎን ለ4 ሳካፍል ሀ ≡ 2 ይመጣል። ከጀርባ የተሰጠው መልስ ግን አራት ቁጥር ነው፦ 2፣ 5፣ 8፣ 11። ሦስቱ ከየት መጡ?

ሌላው ደግሞ፣ መልስ ያልተሰጠባቸውን ጥያቄዎች ስሠራ ትክክል ልሁን አልሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ቪዲዮ እንዳላይ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። በደብተርና በእስክሪብቶ ቁጭ ብዬ የምሠራው፣ ራሴንም የማርምበት ጥያቄ ያላችሁ እባካችሁ ወዲህ በሉኝ።

ኮደሩ

እህት፣ የ4ሀን ነገር ልንገርሽ። ጥያቄው የሚለው 4ሀ − 8 የ12 ብዜት ነው። ማለትም 4(ሀ − 2) የ12 ብዜት ነው። ለዚህ ደግሞ ሀ − 2 የ3 ብዜት መሆኑ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ለ4 ስታካፍዪ 12ቱም አብሮ ይካፈልና ሀ ≡ 2 (ሞድ 3) ይሆናል። ከ0 እስከ 11 ይህን የሚያሟሉት እነዚያው አራቱ ናቸው። ሞዱሉን (እዚህ ላይ 12ን) ሳትነኪ ማካፈል የምትችይው የምታካፍይበት ቁጥርና ሞዱሉ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ብቻ ነው።

እነዚህን ሞክሪያቸው፦ 5ሀ ≡ 10 (ሞድ 12)፣ 6ሀ ≡ 9 (ሞድ 15)፣ 6ሀ ≡ 10 (ሞድ 15)። አንዱ አንድ መልስ አለው፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ጭራሽ የለውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከመሥራትሽ በፊት ገምቺ።

ኮድ ስለምትጽፊ አንድ ነገር ልጨምር። −9 % 7 ብለሽ ፓይተን ላይ ብትሞክሪ 5 ይሰጥሻል። ሲ እና ጃቫ ላይ −2 ነው። በሞድ 7 ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ግን ውጤቱን የቀናት ዝርዝር ውስጥ እንደ ተራ ቁጥር ከተጠቀምሽበት −2 ያስቸግርሻል።

የአዘዞው_መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አዘዞ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። የኔም ተማሪዎች እዚሁ ላይ ነው የሚሰለቹት።

ዋናውን ነገር ያነሣሽው መጨረሻ ላይ ነው። ጥሩ መለማመጃ ማለት ራስሽን የምታርሚበት ነው። ለዚህ ትምህርት ደግሞ እኛ አገር የመልስ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ካላንደሩ ማለቴ ነው። ሠርተሽ ቀና ብለሽ ታዪዋለሽ፣ አለቀ።

በሰዓት ጀምሪ። ፋሲል ግቢ በር ላይ አንድ ቱሪስት ሰዓት ጠየቀሽ እንበል። ለኛ ከቀኑ 9 ከሆነ 3 ትይዋለሽ፤ 6 ቀነስሽ። ለኛ ከጠዋቱ 2 ከሆነ 8 ትይዋለሽ፤ 6 ደመርሽ። አንዴ መቀነስ አንዴ መደመር ለምን? −6 ≡ 6 (ሞድ 12) ስለሆነ ነው። የትኛውንም ብታደርጊ ያው ነው። ቀጥለሽ ይህን ሥሪ፦ አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆን ከ100 ሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ይሆናል? መጀመሪያ በሞድ 12፣ ቀጥሎ በሞድ 24። በሞድ 12 መልስሽ 2፣ በሞድ 24 ደግሞ 14 ነው፤ በኛ ሰዓት ሁለቱም 2 ሰዓት ናቸው። የምሽቱ ይሁን የጠዋቱ የሚነግርሽ ግን ሞድ 24 ብቻ ነው። ሞዱሉን ስታሳንሺ ምን መረጃ እንደሚጠፋብሽ እዚህ ላይ በደንብ አስተውዪ፤ ኋላ ይጠቅምሻል።

ከዚያ ወደ ቀናት እለፊ። ወሮቻችን 30 ቀን ናቸው፣ 30 ≡ 2 (ሞድ 7)። ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር በሁለት ቀን ዘግይቶ ይገባል። ኅዳር ሚካኤል ዓርብ ከዋለ ታኅሣሥ ሚካኤል እሑድ ነው። እናቶቻችን ይህን በጣታቸው ቆጥረው ያውቁታል። አሁን ጥምቀትን አውጪ። ዘንድሮ፣ በ2018፣ መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር አለ፤ 4 × 2 = 8። ከጥር 1 እስከ ጥር 11 ደግሞ 10 ቀን። 18 ≡ 4 (ሞድ 7)። ከሐሙስ 4 ቀን ወደ ፊት ሰኞ። እንግዲህ ዘንድሮ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርዱት ለከተራ እሑድ ነው፣ ጥምቀቱ ሰኞ። ካላንደሩን እዪ። ይህ 4 የዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ያው ነው። ለመስቀል፣ ለታኅሣሥ ገብርኤልና ለሰኔ ሚካኤል የየራሳቸውን ቁጥር አንቺ ፈልጊ።

ይህን ከጨረስሽ ወደ ባሕረ ሐሳብ ግቢ፤ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የምታወጪበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ የአብነት መምህር ደጅ ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት። እሳቸው «በ30 ግደፍ» ሲሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሞድ 30 ከተባልኩት ጋር አንድ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። የ≡ን ምልክት ጀርመናዊው ጋውስ ያስተዋወቀው በ1801 እ.ኤ.አ. ነው። ሊቃውንቶቻችን ያለ ምልክቱ ይህን ሒሳብ በቃል ሲሠሩት ኖረዋል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

የ2018ን አብረን እንሥራ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ 7518 ነው። ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፣ 2 ይተርፋል። ትርፉ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ። ያቺ የደረሰችው 1879 መጠነ ራብዒት ትባላለች። ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሪያትና ለ7 አካፍዪ፦ 9397፣ ትርፉ 3። ትርፍ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ 0 ሲሆን ሰኞ። መስከረም 1 ሐሙስ። ትክክል።

አሁን 7518ን ለ19 አካፍዪ። ትርፉ 13 ነው፤ መደብ ይባላል። አንድ ሲቀነስለት ወንበር 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ነው፦ 132፣ ቀሪው 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ነው፦ 228፣ ቀሪው 18። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። ዘንድሮ መስከረም 18፣ ዕለቱም እሑድ። ለየዕለቱ ተውሳክ የሚባል ጭማሪ አለ፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 + 7 = 25። መጥቅዕ መስከረም ላይ ሲሆን ነነዌ ጥር ላይ ነው፣ ጥቅምት ላይ ሲሆን የካቲት ላይ። ድምሩ ከ30 ካለፈ 30 ገድፈሽ ወደሚቀጥለው ወር ትሻገሪያለሽ። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። ለፋሲካ ሁለት ወር ተሻግረሽ 9 ጨምሪ፦ መጋቢት 34 ይመጣል፣ 30 ሲገደፍ ሚያዝያ 4። ካላንደርሽን ገልጠሽ አረጋግጪ።

የቤት ሥራሽ የ2019 ፋሲካ ነው። ካላንደሩ ገና ስላልወጣ ማየት አትችይም። ሠርተሽ እዚህ ጻፊልኝ።

ማራኪ_ሰፈር

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ምሽቱን ሙሉ ስሠራ አመሸሁ። ተቀበሉኝ።

ዓመተ ዓለም 7519፣ በ4 ትርፉ 3፣ ዘመነ ሉቃስ። 7519 + 1879 = 9398፣ በ7 ትርፉ 4፣ መስከረም 1 ዓርብ። መደብ 14፣ ወንበር 13። አበቅቴ 143 ሲገደፍ 23፣ መጥቅዕ 247 ሲገደፍ 7። ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 7። ጥቅምት 1 ከዓርብ ሁለት ቀን ዘግይቶ እሑድ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ ተውሳኩ 8። 7 + 8 = 15። ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አላስተኛኝ አለ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ የእርስዎ 12 + 18፣ የኔ 23 + 7። ሁለቱም 30! ሁልጊዜ ነው? ደግሞስ 11 እና 19 ከየት መጡ? ተውሳኩስ ለምን ከ2 እስከ 8 ሆነ፣ ከ0 እስከ 6 መሆን አልነበረበትም?

የአዘዞው_መምህር

ጎበዝ ልጄ! ሚያዝያ 24 ትክክል ነው። የጠየቅሽው ግን ከመልሱ በላይ አስደሰተኝ። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው።

ድምሩ ሁልጊዜ 30 ነው። ወንበርን ለ እንበለው። 11ለ + 19ለ = 30ለ፣ ይህ ደግሞ በሞድ 30 ዜሮ ነው። በሌላ አነጋገር 19 ≡ −11 (ሞድ 30)። መጥቅዕ አበቅቴን በአሉታዊ ምልክት መጻፍ ማለት ነው። ወንበሩ 0 ሲሆን መጥቅዑ 30 ይባላል።

11 የመጣችው ከጨረቃ ነው። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ይሆናል፣ የፀሐይ ዓመት 365። ጨረቃዋ በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች። 19 ዓመት ደግሞ 235 የጨረቃ ወሮችን ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ በ19 ዓመት አንዴ ጨረቃዋ ወደ ጀመረችበት ቀን ትመለሳለች። አንዲት ነገር ግን አስተውዪ። 19 × 11 = 209፣ በ30 ሲገደፍ 29። ዙሩ እንዲገጥም አንድ ቀን ይጎድላል። ወንበር 18 ላይ አበቅቴው 18 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወንበሩ ወደ 0 ሲመለስ አበቅቴው ከ18 ወደ 30፣ ማለትም በሞድ 30 ወደ 0፣ ይዘላል። 11 ሳይሆን 12 ማለት ነው። የጎደለችው ቀን እዚያ ላይ ትሞላለች።

ተውሳኩን ግን እስቲ ቀስ ብለን እንየው፣ በጣም የምወደው እሱ ነው። ነነዌ ሰኞ መግባት አለበት። ከመስከረም አንድ ቀን ተነሥተሽ ጥር ላይ እዚያው ቁጥር ስትደርሺ 120 ቀን አልፏል፣ 120 ≡ 1 (ሞድ 7)። ስለዚህ መጥቅዕ ቅዳሜ ከዋለ ጥር ላይ ያ ቁጥር እሑድ ነው። እሑድ ላይ 8 ቀን ስትጨምሪ ሰኞ። መጥቅዕ ዓርብ ከዋለ ጥር ላይ ቅዳሜ ነው፣ 2 ስትጨምሪ ሰኞ። ሰባቱንም ሞክሪያቸው፣ ሁሉም ሰኞ ላይ ያርፋሉ። ከ7ቱ የቀሪ ቁጥሮች ውስጥ 0 እና 1 በ7 እና በ8 ተተኩ እንጂ በሞድ 7 ያው ናቸው። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው፤ 69 ≡ 6 (ሞድ 7)። ከሰኞ 6 ቀን ብትሄጂ የት ትደርሻለሽ? እሑድ። ቀመሩ ራሱን ያርማል።

የደንቢያው

እናንተ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ወግ ይዛችሁ ለምን አትጠሩኝም? እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የእውነት ነው።

ሴት አያቴ የልደት ወረቀት የላቸውም። የሚያውቁት ከእናታቸው የሰሙትን ነው። የተወለዱት በዘመነ ሉቃስ ነው። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለዋለ ዶሮው ተሠርቶ ለቅዳሜ አድሯል። ጣሊያን ጎንደርን ለቆ ብዙም ሳይቆይ ነው ይላሉ። ጎንደር ከጣሊያን ነጻ የወጣችው ኅዳር 1934 ነው። ቤተሰቡ ስለ ዕድሜያቸው ሲከራከር ይኖራል። በዚህ ቀመር ይወጣል?

ማራኪ_ሰፈር

መምህር ሳይቀድሙኝ እኔ ልሞክረው!

ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ዓመተ ዓለሙ 4ለ + 3 ነው (እዚህ ለ ወንበር አይደለም፣ ሌላ ሙሉ ቁጥር ነው)። መጠነ ራብዒቱ ለ ራሱ ነው። ድምራቸው 5ለ + 3። ዓርብ ማለት ትርፉ 4፤ ስለዚህ 5ለ + 3 ≡ 4፣ ማለትም 5ለ ≡ 1 (ሞድ 7)። 5 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ኮደሩ እንዳለው፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው። 5 × 3 = 15 ≡ 1፤ ለ ≡ 3 (ሞድ 7)። እንግዲህ ለ = 7መ + 3፣ ዓመተ ዓለሙም 4(7መ + 3) + 3 = 28መ + 15።

በየ28 ዓመቱ ይመለሳል ማለት ነው። 7519 በ28 ሲካፈል ትርፉ 15 ስለሆነ 2019 አንዱ ነው። ወደ ኋላ ስሄድ 1991፣ 1963፣ 1935። ከጣሊያን መውጣት ቀጥሎ ያለው 1935 ነው። አያትዎ የ1935 ልጅ ናቸው!

የተገላቢጦሽ ቁጥር (እዚህ የ5 ተገላቢጦሽ 3) ምን እንደሚሠራ ዛሬ ነው የገባኝ። ሃንድአውቱ ላይ ትርጉሙን ብቻ ነበር የማውቀው።

የደንቢያው

ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። «አላልኳችሁም!» ብለው ቤቱን በእልልታ አናወጡት። አጎቴ 1939 ነው እያለ ሲሟገት ነበር። ተባረኪ እህቴ።

የአዘዞው_መምህር

ልጄ፣ አሠራርሽ ንጹሕ ነው። ምንም የምጨምረው የለኝም። ለአያታችን አንድ ማረጋገጫ ልስጥ፦ የ1935 ፋሲካ ሚያዝያ 17 ነው። ፋሲካውን ሲያወሩ የሰሙ እንደሆነ ጠይቋቸው። ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ከመደቡ ተነሥተሽ ይህን ቀን አውጪው።

መደቡን ካወቅሽ ደግሞ ዓመቱን መለየት ይበልጥ ይቀላል። በ28 እና በ19 የሚቀሩትን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው ዓመቱን በ28 × 19 = 532 ዓመት ውስጥ ያለ ጥርጥር ያገኘዋል። 28 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው። ሊቃውንቱ ይህን 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይሉታል። መጽሐፍሽ ላይ የቻይና የቀሪዎች ቲዎረም በሚል ርዕስ ታገኚዋለሽ። ፈተና ላይ የሚመጣ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ስጪ። ለመጀመሪያ፦ በ28 ትርፉ 15፣ በ19 ትርፉ 6 የሆነውን ዓመተ ዓለም ከሰባት ሺህ እስከ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ባለው ውስጥ ፈልጊ። መልሱን ታውቂዋለሽ፤ መንገዱን ነው የምፈልገው።

አርቢ ያለባቸውን ጥያቄዎችም አትርሺ፣ እነሱን ካላንደር አይሸፍናቸውም። የ7²²² የመጨረሻ አሃዝ ስንት ነው? 7፣ 9፣ 3፣ 1 እያለ በአራት ይዞራል፤ 222 ≡ 2 (ሞድ 4)፣ ስለዚህ 9። 2¹⁰⁰ን በሞድ 7፣ 3²⁰¹⁸ን በሞድ 10 በዚሁ መንገድ ሥሪ።

ለከተማችን ደግሞ ይህችን፦ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ የሚባለው በ1628 ዓ.ም. ነው። ወንጌላዊው ማን ነበር? መስከረም 1 ምን ቀን ዋለ? ዘመነ ዮሐንስና እሑድ ካልወጣልሽ ተመልሰሽ አካፍዪ።

የመጨረሻዋ ማስላት የማይጠይቅ ናት። የማንኛውም ሙሉ ቁጥር ካሬ በሞድ 4 ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ፈልጊ። ከዚያ በዘመነ ሉቃስ ያለ ዓመተ ዓለም በፍጹም የሁለት ካሬዎች ድምር ሊሆን እንደማይችል አሳዪኝ። 7519ን ለመፈተሽ ቁጥር እያጣመርሽ እንዳትደክሚ፤ ምክንያቱ ሁለት መስመር ነው። ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አየዋለሁ።